ወደኋላ የማትሄደዋ መኪናና የእታገኝ በጎች

በቅሎ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ካልገዛችሁ ልንገራችሁ፤ ከገዛችሁም ታገሡኝ፤ የእኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚያው ነው። እኛ መንዞች በቅሎ ስንገዛ መጀመሪያ ጥርሷን እናያለን። ቀጥለን ኮቴዋን አንስተን እናንኳኳለን። ከዚያ ሻጩ ይቀመጥባትና ያስኬዳታል፤ ወደፊት። ዳገት ያስወጣታል፤ ወደፊት። ቁልቁለት ያስወርዳታል፤ እሱንም ወደፊት። በአባቴም በአያቴም ዕድሜ «እስቲ ወደኋላ አስኪዳትና ልያት» ያለ ገዢ አልተሰማም። ቢኖር ኖሮ ገበያው በሳቅ ይበተን ነበር።

እኔም መኪና ስገዛ ያየሁት በዚሁ ደንብ ነው።

አትፍረዱብኝ። ወይም ፍረዱብኝ፣ ግን መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ እወቁ። መሐል ሜዳ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራዬ አንድ ካርቶን ጠመኔ ሳልቆጥር ተረክቤ አላውቅም። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ላይ ከመፈረሜ በፊት የወንበሩን እግር እነቀንቃለሁ፣ የቁልፉን ጥርስ እዳስሳለሁ፣ የቀለሙን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስቼ አያለሁ። አንድ ጊዜ የመጣልንን ሉል ከላይና ከታች ጠፍጠፍ ብሏል ብዬ አልረከብም ብያለሁ፤ መሬት ራሷ እንደዚያ መሆኗን የጂኦግራፊ መምህሩ መጽሐፍ አምጥቶ ካሳየኝ በኋላ ነው የፈረምኩት። ይህን ያህል ጠንቃቃ ሰው ነኝ። መኪናዋን ግን... ቆይ፣ ከባለቤቴ ልጀምር።

ባለቤቴ እታገኝ የባና ነጋዴ ናት። በየመንደሩ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ ትሰበስብና ደብረ ብርሃን ወስዳ ትሸጣለች። ባናው የሚሄደው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው። ዝናብ ከመታው አንዱ ባና የአንድ ሰው ክብደት ያወጣል፤ ረዳቱም የአንድ ሰው ሒሳብ ሊያስከፍለው ይፈልጋል። ስለዚህ «የራሳችን መኪና ቢኖረን» የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የመጣው ከእሷ ነው። ይህን ኋላ ደጋግሜ አስታውሻታለሁ፤ አልጠቀመኝም።

ያጠራቀምነው አልበቃ አለ። ሻጩ ጋሽ ይፍሩ ደግሞ የጎደለው በበግ ቢሞላ እንደማይጠሉ አስታወቁ። እታገኝ ከእናቷ የወረሰቻቸው ሃያ በጎች ነበሯት፤ መሪያቸው ቀንዱ ሁለት ጊዜ የተጠማዘዘ ዳልቻ አውራ ነው። ግልገል ሳለ እናቷ ከመዳፋቸው ጨው እያላሱ ያሳደጉት ነው። ሦስት ቀን በጎቹን ራሷ ስታግድ ዋለች። በአራተኛው ቀን ጠራችኝ።

«ገንዘቡ ይሁን፤ ይመጣል ይሄዳል» አለች። «በጎቹ ግን የእናቴ ናቸው። መኪናዋ ጉድ ቢገኝባት በጎቼን እዚህ ጋጣ ውስጥ መልሰህ ታስገባለህ። ካላስገባህ ጋጣው ባዶውን አያድርም፤ አንተ ታድርበታለህ።»

ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና እስቅ ነበር።

ጋሽ ይፍሩ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ ፈጅተው፣ በጓሳ ጫፍ ባለች መንደር የተቀመጡ ሪዛም ሽማግሌ ናቸው። የመንደሩን ግማሽ ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው፤ የቀረው ግማሽ ዘመዳቸው ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ይመጣል። ስደርስ አረንጓዴዋ ፒካፕ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙራ ግቢው መሐል ቆማለች። ግቢው ከፊትም ከኋላም ሰፋፊ በር አለው።

«ጋሽ ይፍሩ፣ ሁለት በር!» አልኩ በአድናቆት።

«አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ ነው ልጄ። ሰው በገባበት ሲወጣ ደስ አይለኝም» አሉ።

እንዴት ያሉ አስተዋይ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ።

ምርመራዬን ጀመርኩ። የጎማዎቹን ጥርስ አየሁ። አራቱንም በእግሬ መታሁ። ኮፈኑን አስከፈትኩ፤ ሞተር ነበረ፤ አስዘጋሁት። ጥሩምባዋን ነፋሁ። ከዚያ ጋሽ ይፍሩ መሐል ሜዳ ድረስ ወስደው መለሱኝ። ለመመለስ ሲሉ ከተማውን በሙሉ ዞሩት፤ በእህል ተራ፣ በበግ ተራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አድርገው። እዚያው ቆመው መኪናዋን ማዞር ሲችሉ ለምን ይህን ሁሉ እንደደከሙ ጠየቅኋቸው።

«ሰው ይያት ብዬ ነው» አሉኝ። «ሙሽራና መኪና ዞር ዞር ብለው ነው የሚታዩት።»

እኔም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ለማውቀውም ለማላውቀውም ሰው እጄን አውለበለብኩ።

ይግረማችሁና፣ መንጃ ፈቃድ ስፈተን ከሁሉ አስበልጬ የሠራሁት በሁለት እንጨት መካከል ወደኋላ መግባቱን ነበር። ፈታኙ «ይሄ ሰውዬ ማጅራቱ ላይ ዓይን አለው» ብሎልኛል። ያ ዓይኔ በግዢው ቀን የት ሄዶ እንደነበር እንጃ። ውሉ ተጻፈ። «መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ተረክቤያለሁ» በሚለው ሥር ፊርማዬን አሳምሬ አኖርኩ። በማግስቱ በጎቹን ነድቼ አመጣሁ፤ ሃያውም በኋለኛው በር ገቡ፤ እኔ መኪናዬን አስነስቼ በፊተኛው ወጣሁ። ዳልቻው አውራ ቆም ብሎ ዞሮ አየኝ።

ቤቴ ስደርስ ሰፈሩ እልል አለ። ጠባቧ ግቢዬ ገብቼ አቆምኳት። በነጋታው እታገኝ ባናዋን አስጭና ከጎኔ ተቀመጠች። ማርሹን ወደኋላ አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። አውጥቼ መልሼ አስገባሁ። ጮኸ፤ ንቅንቅ የለም።

«ምን ሆነች?» አለች እታገኝ።

«ብርዱ ነው» አልኩ። መንዝ ውስጥ ሰው ያልገባውን ነገር ሁሉ በብርድ ያሳብባል።

ስምንት ጎረቤት ጠርተን በግፊያ ወጣን። ማታ ገባን፤ ሲነጋ በግፊያ ወጣን። ሳምንት ሲሞላ ጎረቤቶቼ የሞተሯን ድምፅ ሲሰሙ በራቸውን መዝጋት ጀመሩ። ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት ወዳጄ እንኳ እኔን ባየ ቁጥር ወገቡን ይዞ ማንከስ አበዛ። በመጨረሻ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ከሥሯ ገብቶ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ነበር።

«ካምቢዮዋ ውስጥ ወደኋላ የሚያስኬደው ጥርስ ተበልቶ አልቋል። መለዋወጫውም አይገኝም» አለኝ።

«መቼ ነው ያለቀው?»

«እሱን እሷና እግዜር ናቸው የሚያውቁት።»

የጎማውን ጥርስ አይቻለሁ፤ ይኸኛው ጥርስ ግን አመለጠኝ። ለእታገኝ የመካኒኩን ቃል ስነግራት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የእናቴ በግ እንኳ ሲፈልግ ወደኋላ ያፈገፍጋል!» አለችና አንድ ባና አንስታ ጋጣው ውስጥ አነጠፈችልኝ።

እውነቴን ልንገራችሁ፣ የከበደኝ የጋጣው ብርድ አይደለም። እናቷ ሲያርፉ አጠገባቸው ነበርኩ። «በጎቼን አደራ» ሲሉ የሰማሁት እኔም ነኝ። አሁን ጋጣው ውስጥ የቀረነው የበጎቹ ሽታና እኔ ብቻ ነን። አፈርኩ። በሆነው ነገር ሁሉ እስቃለሁ፤ በዚህኛው ግን አሁንም አፍራለሁ።

መሥሪያ ቤትም አልተረፍኩም። አንድ ቀን መኪናዋን ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በሁለት ክፍሎች መካከል አስገብቼ መውጣት ስላቃተኝ የጠዋት ሰልፍ ተሰረዘ፤ ተማሪው ሁሉ ሲገፋ አረፈደ። በሚቀጥለው ግምገማ የእኔ ነገር ተነሣ። «ጓድ» የሚለው ቃል ቀርቶ ነበር እንጂ ቁጣው አልቀረም። አንዱ መምህር ተነሥቶ «የንብረት ሠራተኛው መኪና ወደፊት እንጂ ወደኋላ አትሄድም» ሲል ሰብሳቢው ግራ ገባው። ከጀርባው የተሰቀለው ጨርቅ ላይ «ጉዟችን ወደፊት ብቻ ነው» የሚል ተጽፏል። ሂስ ይሁን ሙገሳ መለየት ስላልቻለ ነገሩን «በሂደት ይታያል» ብሎ አለፈው።

ጋሽ ይፍሩ ዘንድ ሄጄ እንዲመልሱልኝ ለመንኩ። እሳቸው እቴ!

«በእኔ እጅ ሳለች ወደፊትም ወደኋላም እንደ ልቧ ነበረች። አንተ ልጅ፣ ምን አድርገሃት ነው?» ብለው ለመኪናዋ አዘኑላት።

ሲያዝኑላት ጊዜ ጥፋተኛው እኔ የሆንኩ መሰለኝና «ይቅርታ» ብያቸው ተመለስኩ። ግማሽ መንገድ ከደረስኩ በኋላ ነው የተናደድኩት።

«በጎቼስ?» አለች እታገኝ ከበሩ ላይ።

«በሕግ እጠይቃለሁ» አልኩ።

ሕግ ማለት እኛ ዘንድ በፍርድ ቤቱ በር ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት መሪጌታ ክንፉ ናቸው። ቀድሞ ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ አሁን ማመልከቻ ይጽፋሉ። የርስት፣ የድንበር፣ የውርስ፣ የከብት ክስ ጽፈው ጽፈው ጣታቸው ቀለም ሆኗል። መኪና ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ነገሬን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«እንጃ መሪጌታ፤ ሃያ ይሆናታል።»

«ዐመል አላት? ትደነብራለች?»

«ወደኋላ አለመሄድ ብቻ ነው።»

«እህ! ይህ ትልቅ ነገር ነው» ብለው ብዕራቸውን አሾሉ። እስከ ቀትር ጻፉ። ከዚያ በዜማ አነበቡልኝ፦ «የሎጥ ሚስት ወደኋላ በመመልከቷ የጨው ሐውልት ሆነች። ይህቺ መኪና ግን ወደኋላ ባለመሄዷ እኔን አመልካቹን የጨው ሐውልት አድርጋ፣ በሚስቴ ፊት አቁማ...» ይላል። ሦስት ገጽ ነው። በጎቹ የሚመጡት በሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው።

«መሪጌታ፣ በጎቹን ወደፊት ብናመጣቸው?»

«ዝም በል! ነገር እንደ ቅዳሴ ነው፤ ሥርዓቱን ጠብቆ ነው የሚደረሰው» አሉኝ።

ዳኛዋ ከትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣች፣ ቁጥብ፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። መሪጌታ ካባቸውን ደርበው ከጎኔ ቆሙ። የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበብኩ እጇን አነሣች።

«ከሎጥ ሚስት በኋላ ያለውን ብቻ ያንብቡልኝ» አለች።

መሪጌታ እስከ ዛሬ ይህን ይቅር አላሏትም።

ጋሽ ይፍሩ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ እጅ ነሥተው ቀረቡ። «ክብርት ዳኛ፣ እኔ የሸጥኩለት ሙሉ መኪና ነው። ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ ብሎ ፈርሟል። ከዚያ ወዲያ የሰበራት እሱ ነው» አሉ። ዳኛዋ መኪናዋን ማየት ፈለገች። በሕግ ፊት ትታይልኝ ብዬ በደስታ ግቢው ውስጥ ነድቼ አስገባኋት፤ ማርሹን ወደኋላ መታሁ። ጮኸች፣ ንቅንቅ አላለችም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ዛሬ አለመሄዷን አየሁ» አለች ዳኛዋ። «የተሸጠች ቀን አለመሄዷን ግን አላየሁም። ያን ጊዜም እንደዚሁ እንደነበረች የሚያውቅ ምስክር ያምጡ።»

ቀጠሮ ሰጥታ ገባች። እኔም ልወጣ ስል መውጣት አልቻልኩም። የፍርድ ቤቱ ግቢ ለመዞር አይበቃም፤ በሩም አንድ ብቻ ነው። መኪናዬ የችሎቱን ደረጃ ዘግታ ቆመች። ባለጉዳይ ሁሉ ተነሥቶ ገፋ። በድንበር ሰባት ዓመት ሲካሰሱ የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች በግራና በቀኝ መብራቷ ትከሻቸውን ሰጥተው፣ «ያዝ እንግዲህ ወንድሜ»፣ «አይዞህ፣ በለው» ሲባባሉ ታረቁ። መሪጌታ አንድ ደንበኛ እንደከሰሩ ነገሩኝ።

ምስክር የሚገኘው ያው ጋሽ ይፍሩ መንደር ነው። እኔና መሪጌታ በዚያችው መኪና ተነሣን። ያነጋገርነው ሰው ሁሉ ግን ወይ የክርስትና ልጃቸው ወይ የአክስታቸው ልጅ ነው። አንዷ ሴትዮ ብቻ «ከጓሳው ወዲያ ያለውን እረኛ ጠይቁ» አለችን። ልንጠይቅ ቀጠልን። ጉሙ ወረደ። የእጄን መዳፍ ማየት አቅቶኝ ስነዳ እረኛውንም ጎጆውንም አልፈን ጓሳው መሐል ገባን።

ጓሳን ለማታውቁት፦ የቤታችን ክዳን፣ ገመዳችን፣ ዝናብ ሲመጣ የምንደርበው ገሳ ሁሉ ከዚያ ሣር ነው። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል። የሚጠብቁትም ባለድርሻዎቹ ራሳቸው ናቸው። በተዘጋ ጓሳ ማጭድ ይዞ መግባት ነውር ነው፤ ለመኪናማ ገና ስም አልወጣለትም ነበር።

መንገዱ የአንድ መኪና ስፋት ነው። መመለስ አለብን። ወደኋላ የለም። ወርደን እንግፋት ብለን ሞከርን፤ በስተኋላችን ዳገት ነው፤ መሪጌታ በጃንጥላቸው ነው የሚገፉት። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደል አፋፍ ላይ ተደርድረው ያዩናል። የቀረኝ አንድ መላ ነበር፤ ከመንገዱ ወጥቶ፣ በሣሩ ላይ ሰፋ አድርጎ ዞሮ መመለስ። ጋሽ ይፍሩ ገበያውን እንደዞሩት ማለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ዞርኩ ልበላችሁ፤ በጉሙ ምክንያት ያው ነበር።

ዞሬ ወደ መንገዱ ልገባ ስል ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ አስገመገመ፦ «በሕግ አምላክ!»

ነዳጅ ልረግጥ እግሬን ሳነሣ መሪጌታ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ጎተቱት።

«ቁም! በሕግ አምላክ ተብለሃል!»

«መሪጌታ፣ በጉም ውስጥ ማን አየን?»

«ያልታየስ እንደሆነ? ሕግ አምላክ ጉም አይጋርደውም። እኔ በሕግ እንጀራ እየበላሁ በሕግ አምላክ ተብዬ አልሄድም!»

ይህ ነው እንግዲህ የሕግ ድጋፍ። ጠበቃው አስያዘኝ። ጠባቂው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ገሳ ደርቦ ዱላውን ይዞ መጣ። መኪናዋን አየ፣ የተኛውን ሣር አየ፣ እኔን አየ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚያዩት፣ እስከዚያ ዋስ መጥራት እንዳለብኝ ነገረኝ። በዚያ አገር የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ጋሽ ይፍሩ መጡ። «ልጄ ነው፤ ዋስ ነኝ» አሉ፣ ለአፍታም ሳያመነቱ። አቅፈውኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እሑድ በደህና ካለፈልህ ያቺን ክስ ትተዋታለህ። መቼም ዋሱን የሚከስ ሰው በመንዝ አልተፈጠረም።»

ምን ልበል? አልተፈጠረም። በእሺታ አንገቴን ነቀነቅሁ።

ቤት ስደርስ እታገኝ በሩ ላይ ነበረች። «በጎቼስ?» አለች። በቀጥታ ወደ ጋጣው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ቢምሩኝ ክሱን እተዋለሁ፤ የእናቷ በጎች ሄዱ ማለት ነው። ዋሴን ከስሼ በጎቹን ባመጣ ደግሞ በዚያ አገር ስሜ አይነሣም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ወጥተው በድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እታገኝም መጣች፤ ማን እንደጠራት አላውቅም። መሪጌታ ከጎኔ፣ ዋሴ ጋሽ ይፍሩ ከኋላዬ ቆሙ።

«ለምን ገባህ?» አሉኝ ሰብሳቢው ሽማግሌ።

«አባቴ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። መኪናዋ ወደኋላ አትሄድም። ለመመለስ መዞር ግድ ሆነብኝ።»

ጠባቂው ዘሎ ተነሣ። «ውሸት ነው አባቶቼ! ይህቺን አረንጓዴ መኪና አውቃታለሁ። አምናም እዚያው ቦታ ሣሩ ላይ ዞራለች፤ ካቻምናም ዞራለች። አምና በሕግ አምላክ ብዬ እየጮህኩ ጥላኝ ሄደች! ሰውዬው ልማድ አድርጎት ነው!»

ማጉረምረም ሆነ። ሣሩስ ሣር ነው፤ በሕግ አምላክ ተብሎ አለመቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ሰብሳቢው ሽማግሌ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ጥቂት አሰቡ።

«እኔ የምለው» አሉ ቀስ ብለው፣ «አምናና ካቻምና ይህቺ መኪና የማን ነበረች?»

ሰው ሁሉ ከእኔ ትከሻ በላይ አየ። እኔም ዞርኩ። ጋሽ ይፍሩ ሪዛቸውን ይዘው ቆመዋል። እሳቸው የጓሳው ባለድርሻ ናቸው፤ ባለድርሻ ሆኖ አውቆ የገባ ሰው ድርሻውን ያጣል። የቤታቸው ክዳን ደግሞ ዘንድሮ መለወጥ ነበረበት፤ ጣሪያው ሲያፈስ በዓይኔ አይቻለሁ።

«አውቀህ ነው የገባኸው ይፍሩ?» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ በማርያም!» አሉ ጋሽ ይፍሩ። «ወድጄ መሰላችሁ? የሕግ አምላኩንም በሞተሩ ጩኸት አልሰማሁትም! ምን ላድርግ፣ እኔ ከገዛኋት ጀምሮ አንድ ቀን ወደኋላ ሄዳ አታውቅም! ግቢዬን ሁለት በር ያደረግሁት ለምን ይመስላችኋል?»

መሪጌታ ብዕራቸውን አውጥተው እየጻፉ ነበር።

«እስቲ የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ» አሉ መሪጌታ፣ ቀና ሳይሉ። «ሁለት በር... ካሉት ቀጥሎ ያለውን።»

መጀመሪያ የሳቁት ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ መንደሩ በሙሉ ሳቀ። በመጨረሻ ጋሽ ይፍሩ ራሳቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔም ዋሴን አልከሰስኩም፤ ዋሴ ራሳቸውን ከሰሱ።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ጨረሱት። ውሉ ይፍረስ፤ ገንዘቡ ቀስ በቀስ ይመለስ፤ በጎቹ ይመለሱ። እኔ ጎማዬ ያስተኛውን ሣር በእጄ ቀና ሳደርግ እንድውል ተፈረደብኝ፤ ጋሽ ይፍሩ ሣሩ ሲከፈት ድርሻቸውን በግማሽ ያገኛሉ። ጋሽ ይፍሩ አንድ ነገር ብቻ ተከራከሩ።

«በጎቹ እኔ ዘንድ መጥተው ሰባት ወልደዋል። ግልገሎቹ ያደጉት በእኔ ሣር ነው» አሉ።

እታገኝ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «እኛስ መኪናዎን ስናበላ አልከረምንም? ቤንዚን ከሣር ይረክሳል ጋሼ?»

አራቱ ለእሷ፣ ሦስቱ ለጋሽ ይፍሩ ሆኑ። ዳኛዋ እርቁን መዝገብ ላይ አስፍራ «ሁለተኛ መኪናዋን ይዛችሁ እንዳትመጡ» ከማለት ሌላ ትእዛዝ አልሰጠችም። መሪጌታ የሎጥ ሚስት ሳትነበብ መዝገቡ በመዘጋቱ ዛሬም ቅር እንዳላቸው ናቸው። መኪናዋን በጋሽ ይፍሩ ፊተኛ በር አስገብቼ፣ አፍንጫዋን ወደ ኋለኛው በር አድርጌ አቆምኳት፤ ቁልፉንም አስረከብኳቸው።

በጎቹ አመሻሽ ላይ ግቢያችን ገቡ። እታገኝ በጋጣው በር ቆማ እያንዳንዱን ጀርባ እየዳሰሰች ቆጠረች። ስትጨርስ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ጋጣው ውስጥ ገብታ ባናዬን አነሣች፣ አራገፈችና ወደ ቤት ይዛው ገባች። ሦስት ወር የጠበቅኩት ፍርድ ያ ነበር።

እኔ ደጅ ቀረሁ። ዳልቻው አውራ ከመንጋው ተለይቶ ወጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። አየኝ። አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ። ሁለት። ሦስት። ቀጥ ብሎ፣ ሳይንገዳገድ፣ ያለ ምንም ግፊያ። ሦስት ወር ሙሉ ወደኋላ የሚሄድ ነገር ሲያምረኝ የኖርኩ ሰው ነኝና እጄን አጣጥፌ፣ ፈገግ ብዬ ቆሜ አየሁት። «እንዴት ደስ ይላል!» ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ ትዝ የሚለኝ አጥሩ ሥር መቀመጤ ነው።

«ምን ሆንክ?» አለች እታገኝ ከቤት ውስጥ።

«ምንም» አልኳት ወገቤን ይዤ። «በጉን እየመረመርኩ ነው። ወደኋላም ወደፊትም ይሠራል፤ ተረክቤያለሁ።»